ወጥ ቤቱን ያሳመጽኩበት ሳምንት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩት ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ቤቱ ከአብዮቱ በፊት የአንድ የውጭ አገር ሰው መኖሪያ ነበር አሉ፤ ከተወረሰ በኋላ አሥራ አራት ክፍል ያለው የመንግሥት ማረፊያ ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ለሥራ የሚመጡ ባለሙያዎች ያርፉበታል። የመንገድ መሐንዲስ፣ የከብት ሐኪም፣ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ሁሉም ዓይነት ሰው ይመጣ ነበር።

መግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ተቀምጧል። እንግዶቹ ሲሄዱ አስተያየታቸውን ይጽፉበታል። የበላይ መሥሪያ ቤታችን በየወሩ መጨረሻ የተጻፈው ሁሉ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ እንዲላክለት አዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ «እንግሊዝኛ ማን ይችላል?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እችላለሁ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ትምህርት ቤት እያለሁ በእንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት ነበረኝ፣ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል መዝገበ ቃላትም ነበረችኝ፣ በቃ።

እንግሊዝኛ ማመስገኛው ጥቂት ነው። ቅሬታው ግን ማለቂያ የለውም። መጀመሪያ ሁሉንም «ቅር ተሰኝተዋል» እያልኩ አልፈው ነበር። ቆይቼ ሳየው ግን ቃሎቹ እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ ከፍ ዝቅ ይላሉ። «አንሃፒ» የሚለው እንግዳ ነገ ይረሳዋል። «ዲሳፖይንትድ» የሚለው የጠበቀው ነገር ቀርቶበታል። «ዲስሳቲስፋይድ» የሚለው ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ የሚወድ ሰው ነው። እንግሊዞቹ በተለይ ያስቸግሩኛል። በንዴት ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ይወጡና መዝገቡ ላይ «ትንሽ ዲሳፖይንትድ ሆኛለሁ» ብለው ይጽፋሉ። ትንሽ ነው ብዬ ልተርጉም ወይስ ፊታቸውን ልተርጉም?

አንድ ጊዜ አንዱ በጄኔሬተሩ ጩኸት «ፌድ አፕ» ሆኛለሁ ብሎ ጻፈ። «ፌድ» ማብላት መሆኑን አውቃለሁ። «እንግዳው በሚገባ ጠግበዋል» ብዬ ተረጎምኩት። ሥራ አስኪያጁ በጣም ደስ አለው፤ በዚያ ወር ሪፖርት ላይ ከስሩ አሰመረበት። ሰውየው መሰልቸቱን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ የድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ናት። እዚያው ቦሌ አጠገብ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ነበር የምትኖረው፤ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ያስቸገሩኝን ቃላት እጠይቃት ነበር። ያን ቀን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከሠራተኛው ሁሉ እንግዶቹ የጻፉትን ለማወቅ የሚጓጉት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው ከዕቃ አጣቢነት ተነሥተው እዚህ የደረሱ። ሃምሳ አምስት ስድሳ ቢሆናቸው ነው። የአሳማ ሥጋ ሲመጣ በሹካ ብቻ ይነኩታል እንጂ አይቀምሱትም፤ ቢሆንም ጨው በዛ አነሰ ያለ እንግዳ አልነበረም፤ በጠረኑ ያውቁታል። እንግሊዝኛ አያነቡም። የወር መጨረሻ ሲደርስ እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ።

«በይ ልጄ፣ ዛሬስ ምን ብለው አጉረመረሙ?»

«አንዱ ሾርባው ቀዝቅዞ መጣ ይላሉ ጋሼ።»

«ቅር ብሎት ነው ወይስ ከፍቶት?»

«ምን ይለየዋል?»

«እንዴት አይለየውም! ቅር ያለው ሰው ሳህኑን ጨርሶ ነው የሚሄደው፤ ግን አመሰግናለሁ አይልም። የከፋው ግማሹን ይተዋል። ያኮረፈው ጭራሽ ወደ ገበታው አይመጣም።»

«የሚያማርረውስ?»

«እሱን ተዪው። በልቶ፣ አስጨምሮ፣ ጨርሶ ነው የሚያማርረው።»

የሳቸውን አማርኛ ደብተሬ ላይ ከእንግሊዝኛው ትይዩ እጽፈው ነበር። ብዙ ጊዜ ትርጉሜ የቀናኝ በሳቸው ነው። የሚያስከፋ ነገር የተጻፈ ቀን ግን አለሳልሼ ነበር የማነብላቸው።

እንግዶቹ ሲያማርሩ መስማት ደስ ይለኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ በአማርኛ እንደነሱ አንልም። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በምግብ አዳራሹ የውይይት ክበብ አለ። ጽሑፍ ይነበባል፣ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፣ መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ቅሬታ ያለው ጓድ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁላችንም የጠረጴዛውን ልብስ እናያለን። «እንግዲያው ቅሬታ የለም» ይልና ይጽፋል። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚፈራ ሰው ነበር። እኛም የምንፈራ ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ያላጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይወቅስም።

በአንድ የክረምት መውጫ የወጥ ቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ተደፈነ። ቆሻሻው ውሃ ወደ ኋላ ይመለስና ወለሉ ላይ ይተኛል። በላዩ ላይ የቧንቧው ውሃ ጠፋ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ አመለከቱ፤ እሱም ሦስት ጊዜ ወደ በላይ ጻፈ፤ መልስ የለም። ጋሼና ሁለት ረዳቶቻቸው በጀሪካን ውሃ እየተሸከሙ፣ በጡብ ላይ እየተረማመዱ ያበስሉ ጀመር። ጋሼ በዚያ ሰሞን ከማንም ጋር አያወሩም ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ረጅም የጉድጓድ ቁፋሮ ባለሙያ እኛ ጋ አርፎ ነበር። በር በገባ ቁጥር አንገቱን የሚሰብር፣ ትሑት ሰው። አንድ ጠዋት ለጺሙ መላጫ ሙቅ ውሃ ፍለጋ ሲዞር ወጥ ቤት ገባ። ምንም ሳይናገር ተመልሶ ወጣ። በማግስቱ ሲሄድ ግን መዝገቡ ላይ ሁለት መስመር ጻፈ።

ጽሑፉ እጄ የገባው ወሩ ያለቀ ዕለት ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ውጭ ይጠብቃል፤ ሥራ አስኪያጁ አናቴ ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ይላል። ሰውየው የጻፈው «ዘ ስቴት ኦፍ ዘ ኪችን ኢዝ ሪቮልቲንግ» ብሎ ነው። ቀጥሎም ሠራተኞቹ «ዲስኮንተንትድ» ይመስላሉ፣ ቢሆኑም አይገርምም ይላል።

«ስቴት» መንግሥት ማለትም እንደሆነ አውቃለሁ። ደግነቱ ጠንቀቅ አልኩና «ሁኔታ» ብዬ ተሻገርኩት። በዚያ ጥንቃቄዬ ራሴን እያመሰገንኩ «ሪቮልቲንግ» ላይ ደረስኩ። ያቺ ትንሽ መዝገበ ቃላቴ «ሪቮልት» ለሚለው አንድ ፍች ብቻ ነበራት። ማመጽ። ለሰሚው ግራ ነው፤ ወጥ ቤት እንዴት ያምጻል? ግን ሰውየው የጉድጓድ ሰው ነው፣ አነጋገሩ እንዲህ ይሆናል አልኩና መታሁት፦

«የወጥ ቤቱ ሁኔታ በማመጽ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ቅሬታ ያደረባቸው ይመስላሉ፤ ይህም አያስደንቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳያነብ ፈረመ። ማኅተም አረፈበት። ሾፌሩ ይዞት በረረ።

አራት ቀን አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ላንድሮቨር ግቢያችን ገባ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ረጋ ያሉ፣ ሰላምታ የሚሰጡ ሰዎች። «ወጥ ቤቱን የሚመራው ማን ነው?» አሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር። ጋሼ ፊታቸው በርቶ ብቅ አሉ።

«እኔ ነኝ! ለቱቦው ነው የመጣችሁት? በዚህ በኩል ግቡ፣ በዚህ በኩል። ጡቡን ብቻ እያያችሁ ርገጡ።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ቱቦውን በኋላ እናየዋለን፤ ለጥቂት ደቂቃ ከእኛ ጋር ይምጡ» አለ። የጋሼ ፊት እንዴት እንደጨለመ ዛሬም አልረሳውም። ሽርጣቸውን ፈቱና አጣጥፈው የበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠሉት። ለረዳቶቻቸው «እሳቱን ቀንሱት» ብለው ወደ መኪናው ሄዱ። በዚያ ዘመን ጥቂት ደቂቃ ሲባል ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አላወራም። ለምን እንደወሰዷቸውም ማንም አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ከበላይ የተመለሰውን፣ እኔ የመታሁትን ወረቀት ነው። በቀይ እርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከጎኑ በቀይ «ስንት ናቸው? መሪው ማን ነው?» የሚል ተጽፏል።

ሳልጠይቀው ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ይህ ምንድን ነው ጓዲት?» አለኝ በሹክሹክታ። «ማን ነው ያመጸው?»

«ማንም። ሰውየው የጻፉትን ነው የጻፍኩት። ትርጉሙን ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«ተሳስቻለሁ።»

ወረቀቱን ገለበጠው፤ እንዳያየው የፈለገ ይመስላል። «ስሚኝ። አንቺ ጽፈሻል፣ እኔ ፈርሜያለሁ። አሁን ስህተት ነው ብንል፣ ማን አሳሳታችሁ ይሉናል። ዝም በይ። እነሱ ራሳቸው ያጣሩታል።»

ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር የሱ ምክር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ስለ እስር ቤት ማሰብ አልፈልግም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ስወጣ ግን እግሬ ወደ ቤቴ አልሄደም። ሩዋንዳ፣ አስተማሪዬ ጋ ወሰደኝ።

ቃሉን ስነግራት እንደ ልማዷ መሳቅ ጀመረች። «ያስጠላል ማለት እኮ ነው! የሚያቅለሸልሽ! ወጥ ቤቱ ያስጠላል ነው ያለው ሰውዬው።» ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን አቋረጠች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ተነሥታ ከመደርደሪያው ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረደች፤ ጡብ ያህል ይከብዳል። ገጹን ፈልጋ ወረቀት አደረገችበት።

«ቲቸር፣ ብሄድ ምን ያደርጉኛል?»

«አላውቅም» አለችኝ። «ሂጂ ብዬ አልልሽም፤ አትሂጂም አልልሽም። መጽሐፉን ግን ውሰጂው።»

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ገርጂ የጋሼ ቤት ሄድኩ። ያኔ ገርጂ ገጠር ነው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ በጤፍ ማሳ መሐል በእግር ይኬዳል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ባለቤታቸውን ደጅ ላይ ስንቅ ሲያዘጋጁ አገኘኋቸው። ትንሽ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጋሼ ያሉበትን ግቢ ሾፌራችን ጠቁሟቸው፣ ከትናንት ጀምሮ ምግብ ያመላልሳሉ።

«ዕቃው ባዶውን ተመልሷል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «በልቷል ማለት ነው። አለ ማለት ነው።»

ስንቁን ተሸክሜላቸው አብረን መንገድ ጀመርን። መጽሐፉን በሌላው እጄ አቅፌዋለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያሳሰርኳቸው» አልኩ።

ቆሙ። እኔም ቆምኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፤ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ትንሿ መዝገበ ቃላት። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትንፋሻቸውን ለቀቅ አድርገው የራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉ።

«ስህተት ነው?»

«ስህተት ነው እትዬ።»

«ስህተት ከሆነማ ይታረማል። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተኛሁት እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነው። ዘንድሮ ሲበዛ ዝም ብሎብኝ ነበር፤ ምን ገብቶበት ይሆን ስል ነበር።» ወደ ፊት መራመድ ጀመሩ። «ነይ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

ግቢው ግንብ አጥሩ ከፍ ያለ፣ ድሮ ባለጠጋ የኖረበት ቪላ ነው። በሩ ላይ የጋሼን ስም ነገርን፤ ዘበኛው ስንቁን ተቀበለ። እትዬ ወደ ዛፉ ጥላ ሄዱ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

«አንቺስ?» አለኝ።

«ስህተት ላርም ነው የመጣሁት።»

ዘበኛው እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ገብቶ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ከአንድ ሰዓት በላይ ካስቆመኝ በኋላ አስገባኝ።

መኮንኑ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። እጅጌውን ሰብስቧል፤ ፊት ለፊቱ የሻይ ብርጭቆ አለ። መጽሐፉን አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መዝገበ ቃላት ነው ጓድ። በሪፖርቱ ላይ ያለውን ቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው። እዚህ ላይ አለ።»

ገጹን ከፈትኩለት። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። እንደገና አነበበ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነበር የማየው።

«ሁለቱንም ይላል» አለ ቀና ብሎ። «ማመጽም ይላል፣ ማስጠላትም ይላል። ሰውየው የትኛውን እንዳለ በምን አውቃለሁ? አንቺ ጽፈሽ ያመጣሽው አማርኛ ብቻ ነው። ዋናው የታለ?»

ዋናው። መዝገቡ። ለዚያ ሁሉ መንገድ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ስሸከም መዝገቡን ማምጣት አላሰብኩም። «ማረፊያው ነው ያለው» አልኩ። «ሄጄ ላምጣው?»

«አንቺ የትም አትሄጂም» አለኝ።

ያኔ ነበር በሩ የተንኳኳው። ዘበኛው አንገቱን አስገብቶ «አንድ ሰው ከበሩ ማዶ ከጠዋት ጀምሮ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር፤ አሁን ልግባ ይላል» አለ። ሥራ አስኪያጁ ገባ። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ከኮቱ ውስጥ የመዝገቡ ጥቁር ሽፋን ይታያል። እኔን አላየኝም። ከመኮንኑ ፊት ቆሞ መዝገቡን በቀይ ከተሰመረበት ሪፖርት ጋር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሪፖርቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ዋናው ይኸው።»

እስከ ዛሬ ድረስ ያን ሰውዬ ባሰብኩ ቁጥር የማስታውሰው በዚያች ደቂቃ ነው።

መኮንኑ ሁለቱን መስመር ከመጽሐፉ ጋር አስተያየ። «ስቴት ኦፍ ዘ ኪችን» እያለ ጮክ ብሎ አነበበ። ሳቅ ሊመጣበት ሲል አየሁትና ልቤ ቀለል አለኝ፤ ግን ወዲያው ጣቱ ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ።

«ይሁን። ይሄስ? ዲስኮንተንትድ። ይሄም ሌላ ፍች አለው?»

መጽሐፉን መግለጥ አላስፈለገኝም። «የለውም» አልኩ። «ቅሬታ ማለት ነው።»

«ሠራተኞቹ ቅሬታ አላቸው?»

እኔም ሥራ አስኪያጁም ዓይናችንን ጠረጴዛው ላይ ተከልን። በየሐሙሱ የምናደርገው ነው። መኮንኑ ጥቂት ጠበቀና ዘበኛውን «ሽማግሌውን አምጣቸው» አለው።

ጋሼ ገቡ። ጺማቸው አድጓል፤ ቀበቷቸውና የጫማቸው ማሰሪያ ተወስዶ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔንና ሥራ አስኪያጁን ሲያዩ የታሰርን መሰላቸው መሰለኝ፣ «እናንተንም?» አሉ።

መኮንኑ እንዲቀመጡ አደረገ። «አባት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሥራዎ ላይ ቅሬታ አለዎት?»

በዓይኔ ለመንኳቸው። የለኝም ይበሉ፣ የለኝም ይበሉና እንሂድ። ጋሼ ሱሪያቸውን ሳብ አደረጉ።

«አለኝ እንጂ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ዓይነት ቅሬታ?»

«ቱቦው ተደፍኗል። ይኸው ወሩ ነው። ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፣ እሱም ወደ በላይ ጽፎልኛል፤ አይዋሽበትም። ውሃ የለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በጡብ ላይ እየዘለልኩ ነው የማበስለው። እንግዳ መጥቶ ያንን አየ። ሠላሳ ዓመት ወጥ ቤት ስሠራ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።» ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ዝቅ አደረጉት። «ይኸው ነው ቅሬታዬ። ሌላ የለኝም።»

መኮንኑ እርሳሱን አነሣ። «ስንት ጊዜ አመለከቱ?»

«ሦስት።»

«ለየትኛው ክፍል ነው የተጻፈው?» ብሎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ነገረው። መኮንኑ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ የእኔን ሪፖርት አነሣና በቀይ የተሰመረው ላይ መስቀል አድርጎ አንድ ነገር ጫረበት። መጽሐፉን ዘግቶ ወደ እኔ ገፋው።

«ሁለተኛ ትልቁን ተጠቀሚ» አለኝ። ከዚያ ለዘበኛው «የሽማግሌውን ቀበቶ አምጣላቸው። ሂዱ።»

ሂዱ የሚለው ቃል ለሁላችንም መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብን። መጀመሪያ የተነሡት ጋሼ ናቸው።

ከበሩ ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ ግንቡን ተደግፎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መዝገቡን ከኮቱ ሥር መልሶ፣ «እኔ ቢሮ ልግባ» ብሎ እየተጣደፈ ሄደ። እትዬ ከዛፉ ሥር ተነሥተው ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። አላለቀሱም። «ጫማህን እሰር፣ ትወድቃለህ» አሏቸው። ጋሼ ዝቅ ብለው ሲያስሩ ጀርባቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉላቸው።

ሦስታችን በማሳው መሐል ወደ ገርጂ ሄድን። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጋሼ ሁለት ቀን ስንቃቸውን ስላካፈሏቸው ሰዎች፣ አብሯቸው ስለታሰረ አንድ ጨዋ ሰው አወሩ። እኔ ነገሩን መንገር እንዳለብኝ ስለማውቅ ኋላ ኋላ እቀር ነበር። በመጨረሻ ነገርኳቸው። እንደ ባለቤታቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ማመጽ የሚለውን ስህተቴን ሰምተው እንኳ «ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ» አሉኝ። እፎይ አልኩ።

«እና ሰውየው ያለው ምን ኖሯል?» አሉ።

«ወጥ ቤቱ ያስጠላል ነው ያሉት ጋሼ። ያቅለሸልሻል።»

ጋሼ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አሉ።

«ያቅለሸልሻል?»

«ስለ ቱቦው ነው…»

«የእኔ ወጥ ቤት? ያቅለሸልሻል?» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ከዚህስ አመጸ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር!»

እትዬ አፋቸውን ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ሊቆም አልቻለም፤ ስንቁን የያዘውን ዕቃ መሬት አስቀምጠው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ጋሼ ሁለታችንንም ትተው እየተቆጡ ቀድመውን ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቱቦው ተሠራ። ማን እንዳዘዘው በትክክል አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን መስመር አንብቦ ነው የሚፈርመው፤ አንዳንዴ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ይሄ ቃል ሌላ ፍች የለውም?» ይለኛል። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላወራንም።

ጋሼ አኮረፉኝ። ስለ መታሰሩ አይደለም፤ እሱን በመንገድ ላይ ጨርሰውታል። ያኮረፉኝ ስለ ወጥ ቤታቸው ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ወደ ቢሮዬ አልመጡም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ሰዎች ይሄን አይተው «አስታርቁን አትይም ወይ?» ይሉኝ ነበር። አልቸኮልኩም። በየጠዋቱ ነጩን ሽርጣቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን አዙረውብኝ ሲያልፉ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ቢያኮርፉኝም እዚያው ናቸው፤ ቤታቸው አድረው መጥተዋል፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ስንገናኝ ማለፍ ጀመሩና ቆሙ።

«እንደምን አደርሽ?» አሉኝ፣ አሁንም ወደ አጥሩ እያዩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎስ እንደምን አደሩ?»